ለስላሳ ከክኒን የተመለሰችበት መንገድ

በዚያ መናኸሪያ ውስጥ ትክክለኛ ስሟን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ሁሉም «ለስላሳ» ይሏታል። ስሙ የወጣላት በፍሬን አያያዟ ነው። አውቶቡስ ስታቆም መቼ እንዳቆመች አይታወቅም፤ ተሳፋሪው መድረሱን የሚያውቀው ረዳቱ በሩን ሲከፍት ነው። አብሯት የሚሠራው ረዳት ጸጉሩ የሸበተ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ሲሆን፣ በስሟ እንደ ማስታወቂያ ይነግድበት ነበር።

«ግቡ፣ ግቡ! የምትነዳው ለስላሳ ናት!»

«የቀዘቀዘ ነው?» ይለዋል አንዱ ጎረምሳ።

«የቀዘቀዘ ብቻ? ጠብ ሳይል ያደርስሃል!»

ቀልዱ በየጠዋቱ ያው ነው። እሷም በየጠዋቱ ትስቃለች።

ወደ መናኸሪያው የገባችው አውቶቡስ አጣቢ ሆና ነበር። ሾፌሮቹ ሻይ ሲጠጡ መኪናውን ወደ ውሃው የምታስጠጋው፣ ታጥቦ ሲያልቅም የምታወጣው እሷ ነበረች። እንዲህ እንዲህ እያለች መሪ ለመደች፤ መንጃ ፈቃድ አወጣች። ረጅሙን የተራራ መስመር ሲሰጧት ነባሮቹ ሾፌሮች «መሪው እሷን ይነዳታል እንጂ!» ብለው ተሳሳቁ። አንድ ክረምት ሙሉ በጭጋግ ውስጥ ስትመላለስ ካዩ በኋላ ግን የታመመች ሚስቱን ወይም ያረጀች እናቱን የሚልክ ሾፌር ሁሉ «ለስላሳ የምትወጣው መቼ ነው?» ብሎ መጠየቅ ጀመረ።

ባሏ መነጽር ሠሪ ነው፤ ንግግሩ ቀስ ያለ፣ ነገር ከመመለሱ በፊት መስታወት እንደሚያጸዳ ሰው የሚያስብ። አንዲት ልጃቸው ትዳር ይዛ ከሄደች በኋላ ቤቱ ውስጥ የቀሩት እነሱ ሁለቱና የባሏ እናት ነበሩ። አማቷ አፋቸው ስለት ነው። ልባቸው ግን ለምራታቸው ነበር፤ ሁለቱ ሲጣሉ እንኳ ያልሰማ ሰው የሚጫወቱ ነው የሚመስለው።

ነገሩ የተጀመረው ጋራዥ ውስጥ ነው። አንድ ጠዋት ከመውጣቷ በፊት ዘይት ልታይ ጎንበስ ባለችበት የኮፈኑ መደገፊያ ዘንግ ተንሸራተተ። ያ ሁሉ ብረት ቀኝ ትከሻዋ ላይ ወረደ። አጥንቷ ተሰበረ፤ በብረትና በብሎን ገጣጠሙላት። ለሕመሙም ክኒን ተሰጣት።

የመጀመሪያውን ክኒን የዋጠችበትን ከሰዓት መቼም አትረሳውም። ሕመሙ ጠፋ ማለት አይበቃም። ሕመሙ እዚያው ነበረ፤ ግን የሌላ ሰው ሕመም ሆነ። በላዩ ላይ ከደረቷ የተነሳ ለብታ እስከ ጣቶቿ ጫፍ ወረደ። የሚያስጨንቃት ነገር ሁሉ አንዱም ሳይቀር መላ የተገኘለት መሰላት። «ይኸማ ተአምር ነው» አለች ለባሏ።

አጥንቱ ገጠመ፤ ወደ ሥራዋም ተመለሰች። ክኒኑ ግን አብሯት ተመለሰ። መጀመሪያ የምትውጠው ትከሻዋ ሲያማት ብቻ ነበር። ቀጥሎ እንዳያማት ብላ። ቀጥሎ አንዱ አልበቃ አለና ሁለት፤ ሁለቱ አልበቃ አለና ከዚያም በላይ። ሐኪም ቤቱ «ከእንግዲህ ይብቃሽ» ሲላት ከአንዱ ፋርማሲ ወደ ሌላው ዞረች። የምትሻው ያንን የመጀመሪያ ቀን ለብታ ነበር፤ እሱ ግን አንድም ቀን ተመልሶ አልመጣም። ክኒኑ ደስ የሚያሰኛት መሆኑ ቀርቶ እንዳይከፋት ብቻ የምትውጠው ሆነ። አንድ ሰዓት ከዘገየች ያዛጋታል፤ አፍንጫዋ ይፈሳል፤ ትከሻዋ ቀርቶ ወገቧ፣ ጉልበቷ፣ ጥርሷ ሳይቀር ያማታል።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ ማንም የማያየው ነበር። ረዳቱ ያንኑ ቀልድ ሲጮኽ ከንፈሯን ለይስሙላ ትከፍታለች እንጂ አትስቅም። ልጇ ስትደውል «እሺ፣ እሺ» ብላ ትዘጋለች። ባሏ አንድ ቀን «ምን ሆነሻል? እየሰማሽኝ ነው የማትሰሚኝ» አላት። «ድካም ነው» አለችው። ውሸቷን አልነበረም፤ እውነቷንም አልነበረም።

እንዲህ ባለችበት አንድ ረፋድ ላይ ሙሉ ተሳፋሪ ይዛ ረጅሙን ቁልቁለት ትወርድ ነበር። ጠዋት ስለከፋት ጨምራ ውጣለች። ዓይኗ ተከደነ። እንቅልፍ አልነበረም፤ እንደ መጋረጃ ቀስ ብሎ የወረደ ነገር ነው።

«ለስላሳ! ኩርባው!»

ረዳቱ ነበር። ዓይኗን ስትገልጥ የመንገዱ ጠርዝ ከፊቷ ነው። መሪውን መለሰችና ፍሬኑን በሙሉ እግሯ ረገጠችው። ሰው ከወንበሩ ተስፈነጠረ፤ ሻንጣ ከላይ ረገፈ፤ የአንድ ሽማግሌ ባርኔጣ በረዳቱ ጭንቅላት ላይ አረፈ። ደግነቱ የተጎዳ አልነበረም።

ረዳቱ ባርኔጣውን መለሰና ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ «በይ ተረጋጊ፣ አልፏል። ጎማ ነው እንላቸዋለን» አላት።

ለስላሳ ሞተሩን አጠፋች። ቁልፉን ነቅላ በመዳፉ ላይ አኖረችለት።

«ጎማ አይደለም። እኔ ነኝ» አለች። «ደውልና ሌላ ሾፌር ይላኩ። እኔ ይህን ሁሉ ሰው ይዤ አንድ ሜትር አልሄድም።»

ተሳፋሪው አጉረመረመ። የቸኮለ ነበር፤ የተሳደበም አልጠፋ። እሷ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ስድቡን ሁሉ ሰማች። ሌላው ሾፌር እስኪመጣ አልተነሳችም። በኋላ ሰዎች ስለ ጉብዝናዋ ሲያወሩ ብዙ ነገር ይጠቅሳሉ፤ ረዳቱ ግን እስከ ዛሬ «ጀግና የሆነችውስ ያን ቀን ቁልፉን የነቀለች ጊዜ ነው» ይላል።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ለባሏና ለአማቷ አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው። ባሏ መነጽሩን አውልቆ ብዙ ጠረገው። አማቷ ግን ተነስተው ጫማቸውን መፈለግ ጀመሩ።

«ወዴት ነው፣ እማማ?» አለቻቸው።

«ሐኪም ቤት ነዋ!»

«አሁን ተዘግቷል፣ እማማ።»

«እንግዲያው ጫማዬን አድርጌ ነው የማድረው!» አሉ።

በማግስቱ ሦስቱም ሄዱ። ሐኪሟ በዕድሜ የገፉ፣ በሱስ ሕክምና ብዙ የቆዩ ሴት ነበሩ። ለስላሳን ሳያቋርጡ አዳመጧት፤ የልብ ምቷን፣ የዓይኗን ብሌን፣ ትከሻዋን አዩ። አልተቆጧትም። እሷ ግን ቁጣ ብትሰማ ይሻላት ነበር።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ» አለች። «አንጎሌ ተበላሽቷል? ይመለሳል ወይስ አይመለስም?»

«መጀመሪያ የሆነውን ልንገርሽ» አሉ ሐኪሟ። «ሰውነትሽ ራሱ የሕመም ማስታገሻ ይሠራል። ስትስቂ፣ ዳገት ስትወጪ፣ የምትወጂው ሰው ሲያቅፍሽ ጥቂት ጥቂት ያመነጫል። በአንጎልሽ ሴሎች ላይ ደግሞ ያንን ማስታገሻ የሚቀበሉ ተቀባዮች አሉ። ክኒኑ የሚያርፈው እነሱው ላይ ነው።»

«እንግዳ ተቀባይ ማለት ነው?» አሉ አማቷ።

«እማማ!» አለች ለስላሳ አፍራ።

ሐኪሟ ግን ሳቁ። «ተያቸው፣ ደግ ብለዋል። እናቴ፣ ቤትዎ በቀን አንድ ሁለት እንግዳ የሚመጣ ነበር እንበል። ድንገት መንደሩ ሁሉ ጠዋት ማታ ቢጎርፍብዎ ምን ያደርጋሉ?»

«በሬን ዘግቼ እተኛለሁ! ምን አደርጋለሁ!»

«ሴሉም ያደረገው ይህንኑ ነው። ገሚሶቹ ተቀባዮች እዚያው እያሉ መልስ መስጠት ተዉ። ገሚሶቹን ሴሉ ወደ ውስጥ ሳባቸው። በዚህ ላይ ክኒኑ የሚያደነዝዘውን ለማካካስ ውስጥ ውስጡን ተቃራኒውን ሥራ አበረታ። ስለዚህ ድሮ አንድ ክኒን የሠራውን ዛሬ አራቱ አይሠራውም። ክኒኑ ሲዘገይ ደግሞ ያ የበረታው ተቃራኒ ሥራ ብቻውን ይቀርና ያንቀጠቅጥሻል፤ ያልብሻል፤ ጥርስሽን ሁሉ ያምሻል። ሰውነትሽ የሚሠራት ያቺ ጥቂት ማስታገሻም ብትመጣ በሩ ተዘግቷል። ሳቅሽ የጠፋው ቤተሰብሽን ስለጠላሽ አይደለም።»

ባሏ ይህን ሲሰማ ቀና አለ። ለወራት ውስጡን ሲበላው የነበረው ይኸው ነበርና።

«ይመለሳል ወይ ነው ያልኩት፣ ዶክተር» አለች ለስላሳ።

«አብዛኛው ይመለሳል። ግን ሁሉም እኩል አይመለስም። ተቀባዮቹ ፈጣኖች ናቸው፤ ጎርፉ ሲቆም በቀናትና በሳምንታት እየወጡ፣ እየነቁ ይመጣሉ። ውስጥ ውስጡን የበረታው ሥራ ለመርገብ ከዚያ ይዘገያል። እንቅልፍና ደስታ ወራት ሊፈጅባቸው ይችላል፤ ከሰው ሰው ስለሚለያይ ቀን ቆርጬ አልሰጥሽም። አንዱ ግን ትዝታ ነው። ሲጨንቅሽ ክኒን እንደሚያሳርፍሽ አንጎልሽ ተምሯል። ይህ ትምህርት ጨርሶ ይፋቃል ብዬ አልዋሽሽም። ሌላ ትምህርት ሲደራረብበት ግን ይደክማል።»

«ዛሬውኑ ልተወው?»

«እንዳታደርጊው። ቁልቁለት በምን ትወርጃለሽ?»

«በከባድ ማርሽ። በፍሬን ብቻ የወረደ ፍሬኑ ይቃጠላል።»

«እኛም በከባድ ማርሽ ነው የምንወርደው። ጥቂት ቀንሰን እንቆያለን፤ ሰውነትሽ ሲለምደው ደግሞ ጥቂት እንቀንሳለን። ክኒኑን የሚይዝልሽ ሰው ግን ያስፈልግሻል።»

ይህን ሲሉ አማቷ እጃቸውን ዘርግተው ነበር።

ክኒኑ ከዚያ ቀን ጀምሮ የአማቷ ሹራብ ኪስ ውስጥ፣ በመርፌ ቁልፍ ተቆልፎ ኖረ። አማቷ ሲተኙም ሹራቡን አያወልቁም። ሰዓቱ ሲደርስ የታዘዘውን ቆጥረው በማንኪያ ላይ ያኖሩና «እንግዳሽ መጣ» ይሏታል።

መውረዱ ቀላል አልነበረም። በተቀነሰ ቁጥር አንሶላው በላብ ይርሳል፤ ቆዳዋ እንደ ተነጨ ዶሮ ሽፍ ይላል፤ እግሮቿ ተቀመጡ ቢባሉ አይቀመጡም። ባሏ ቀትር ላይ ሱቁን ዘግቶ ይመጣና አብሯት ይሄዳል፤ መንገድ ለመንገድ፣ ያለ ጉዳይ። እሱ በተፈጥሮው እግረ ከባድ ነው። እሷ እየጎተተችው፣ እሱ እያለከለከ ሲያልፉ ጎረቤቶች «ባልየው ምን ቢያደርጋት ነው እንዲህ የምታስሮጠው?» ይሉ ነበር። እሱም ይሰማና «ዓይን ነው የምሠራው፣ እግር አልችልበትም» ብሎ ሊያስቃት ይሞክራል። አትስቅም። እሱ ግን በማግስቱ ይሞክራል።

አንድ ጠዋት አልቻለችም። አማቷ ፊት ተንበረከከች።

«እማማ፣ ግማሽ ብቻ። ግማሽ!»

«አይሆንም፣ ልጄ።»

ያን ጊዜ ተናገረቻቸው። በትዳር ዘመኗ ሁሉ ለአማቷ ያላለችውን፣ ለጠላትም የማይባለውን ተናገረቻቸው። አማቷ ቁጭ ብለው እስከ መጨረሻው ሰሟት።

«ጨረስሽ?» አሉ። «በደጉ ጊዜዬ ብትይኝ ኖሮ መልሱ አይጠፋኝም ነበር። አሁን ጉልበቴን ያመኛል። ነይ፣ ሾርባው ሳይቀዘቅዝ እንብላ።»

ለስላሳ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። አማቷ ጭንቅላቷን ወደ ጭናቸው ሳቡት። ሁለት እጃቸውን በጸጉሯ ላይ አኖሩ፤ የሹራቡ ኪስ ጆሮዋ ሥር ነበር፤ አልነካችውም።

ባሏ ለሐኪሟ ደወለ። እሳቸውም «ወደ ላይ አትመለሱ፤ ወደ ታችም አትቸኩሉ። ባላችሁበት ደረጃ ላይ ትንሽ ሰንብቱ። መቆም መውደቅ አይደለም» አሉት። ሰነበቱ። እውነትም ያ ደረጃ ውሎ አድሮ ሜዳ ሆነላትና ቀጣዩን ወረደች።

መናኸሪያው ውስጥ የስምሪት ኃላፊው ፊቱ የማይፈታ ሰው ነበር። ሁሉን ከነገረችው በኋላ «መሪ አልሰጥሽም» አላት፤ ቀጥሎም «ወንበር ግን አልከለክልሽም» ብሎ ትኬት መቁረጫው መስኮት ላይ አስቀመጣት። እዚያ ተቀምጣ በየጠዋቱ ሌሎች ይዘውት የሚወጡትን የራሷን አውቶቡስ ታያለች። አንድ ነባር ሾፌር፣ ወፍራም ድምፅ ያለው፣ እንድትሰማ አድርጎ «አይ ለስላሳ! ጋዟ ወጣ እኮ!» አለ። ሰው ሳቀ። እሷ ትኬቷን ቆረጠች።

ደረጃ በደረጃ ወርዳ አንድ ቀን የመጨረሻውን ክኒን ዋጠች። አማቷ ባዶውን ኪስ ገልብጠው አሳዩአትና እልልታቸውን አቀለጡት። ጎረቤት ልጅ የተወለደ መስሎት መጣ።

ግን ሐኪሟ እንዳሉት ትዝታ የሚባለው ነገር ነበር። አንድ ከሰዓት ከስምሪት ኃላፊው ጋር ተነጋግራ፣ ተናድዳ ከመናኸሪያው ወጣች። ወዴት እንደምትሄድ አላሰበችም። ቀና ስትል የዱሮው ፋርማሲ በር ላይ ቆማለች። አረንጓዴው መብራት፣ የበሩ ደወል፣ የመድኃኒቱ ሽታ፤ ሁሉ ይጠራታል። አፏ ውስጥ ምራቅ ሞላ። እግሯ አንድ ደረጃ ወጣ።

ከዚያ አንድ ነገር አስተዋለች። አላላባትም፣ አላዛጋትም፣ አላመማትም። «ሰውነቴ አልጠየቀኝም እኮ» ብላ አሰበች። «የጠራኝ ትዝታው ነው።» ይህን ስታውቅ የያዛት ነገር ትንሽ ላላ። ከደረጃው ወርዳ ከማዶ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠችና ለረዳቱ ደወለች።

እያለከለከ መጣ። ፋርማሲውን አየ፤ እሷን አየ። ምክር ይሰጠኛል ብላ ስትጠብቅ ጫማውን አወለቀ።

«ስሮጥ ጠጠር ገባብኝ» አለ። «በይ እስካወጣው አጫውቺኝ።»

ጠጠሩን ለማውጣት ብዙ ቆየ። ሲያበቃ ተነስተው አብረው ሄዱ። ከዚያ በኋላም ያ በር ሌሎች ቀናት ጠርቷታል፤ ጥሪው ግን በየጊዜው ድምፁ ቀነሰ።

ሳቋ የተመለሰው ባልጠበቀችው ቀን ነው። አንድ ሽማግሌ ወደ ትኬቱ መስኮት መጡ።

«ልጄ፣ መስኮት ዳር ወንበር አለ?»

«አለ፣ አባባ።»

«መስኮቱ ይከፈታል?»

«ይከፈታል።»

«እንግዲያውስ ከመስኮት የራቀ ስጪኝ፤ ነፋስ አልወድም።»

ለስላሳ ትኬቱን ልትቆርጥ እጇን ሰነዘረች፤ እጇ አየር ላይ ቀረ። ከሆዷ አንድ ነገር ተነሳ። ሳቀች። ልታቆመው ሞከረች፤ ባሰባት። እንባዋ ፈሰሰ፤ ጎኗን ያዘች። ሽማግሌው ግራ ቢጋቡም ሳቋ ተጋባባቸውና አብረው ሳቁ፤ ሰልፈኛውም ተከተለ። ረዳቱ ከግቢው ማዶ ድምፁን ሰምቶ በሩጫ መጣና በሩ ላይ ቆመ፤ እሱ ግን አልሳቀም፤ ዓይኑን በእጅጌው ይጠርግ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሁሉ አንድ በአንድ ተመለሰ። ብርቱካን ልጣ ስትበላ ጣዕሙ አስደነገጣት። ልጇ ደውላ አንድ ሰዓት አወሩ። ልብስ ስታጥብ ታዜማለች፤ አማቷም «ድምፅሽስ ባይመለስም ግድ አልነበረኝም» ይሏታል።

ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ነው ትከሻዋ ውስጥ ያለው ብሎን ላላ የተባለው። እንደገና መቀደድ ነበረባት። ዜናውን ስትሰማ የፈራችው ቢላውን አልነበረም።

ማደንዘዣ ሐኪሙ ሊያያት ሲመጣ ገና ሳይቀመጥ «ይህን ይህን ክኒን ለረጅም ጊዜ ወስጃለሁ። ተላቅቄዋለሁ። ሁላችሁም እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ» አለችው።

ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተቀመጠ። «ይህን የሚነግረን ሰው ሥራችንን ያቀልልናል፣ እህቴ» አላት። «የትከሻሽን ነርቭ እናደነዝዘዋለን። ከዚያ በኋላ ሌሎች ማስታገሻዎች እንሰጥሻለን። የግድ ካልሆነ ያኛውን አናመጣውም፤ የግድ ከሆነም ትንሽ፣ እኔ ራሴ ቆሜ።»

ቀዶ ሕክምናው መልካም ሆነ። ነርቩ ሲነቃ ግን ሕመሙ ሌሎቹን ማስታገሻዎች ሁሉ ዘልሎ መጣ። ማደንዘዣ ሐኪሙ እንዳለው ራሱ መጥቶ አልጋዋ አጠገብ ቆመ። የያዘው የዚያ መድኃኒት መጠን ለሕፃን የሚሆን መሰላት።

«አይደክሙ» አለችው ጥርሷን ነክሳ። «ይኸ ለእኔ ውሃ ነው። የዚህን አምስት እጥፍ ውጬ የሠራሁ ሰው ነኝ።»

«እስቲ እንየው» አለና ሰጣት።

ጥቂት ቆዩ። ግንባሯ ተፈታ። ትከሻዋ ከጆሮዋ ሥር ወረደ። ሕመሙ እንደ ጠገበ በሬ ጋደም አለ። ለስላሳ ጣሪያውን እያየች እንባዋ በሁለቱ ጆሮዎቿ በኩል ወረደ።

«ሠራ!» አለች። «ይቺ ትንሿ ሠራች!»

«ተቀባዮችሽ ተመልሰው ቦታቸው ላይ ስላሉ ነው» አላት ሐኪሙ ፈገግ ብሎ። «ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላመጣልሽም። ደስ ይበልሽ። ግን ይህንንም ያዢ፤ ድሮ ትወስጂው የነበረውን መጠን ዛሬ ብትወስጂ ትንፋሽሽ ሊቆም ይችላል። ብዙ ሰው የሚሞተው ተሽሎት፣ አንድ ቀን ወደ ድሮው መጠን ሲመለስ ነው።»

አማቷ አልጋው ግርጌ ተቀምጠው ነበር። ለስላሳ ወደ እሳቸው ዞረች። ያ የመጀመሪያ ቀን ለብታ መጥቶ ነበር፤ እስከ ጣቶቿ ጫፍ። ልትደብቃቸው ትችል ነበር።

«እማማ» አለች፣ «ወደድኩት።»

«አይቼሻለሁ» አሉ አማቷ። «እንግዳ ነው። ነገ ይሄዳል። እስኪሄድ አብሬሽ ነኝ።»

በማግስቱ ሕመሙ በሌሎቹ ማስታገሻዎች የሚቻል ሆነ። ማደንዘዣ ሐኪሙ ትንሽ ይጨምርላት እንደሆነ ጠየቃት። ሕመሟን አሰበች፤ ራሷን ጠየቀች፤ «አያስፈልገኝም» አለች። ወደ ቤቷ የተመለሰችው ያለ እሱ ነው። ላብ አልመጣም። እግሮቿ ተቀመጡ ሲባሉ ተቀመጡ። በበሩ ስትገባ ባሏ አቀፋት፤ እቅፉ እስከ አጥንቷ ገባ።

ትከሻዋ ሲድን ሐኪሟም፣ የጤና ቦርዱም «መንዳት ትችላለች» አሉ። የስምሪት ኃላፊው ግን «ወረቀት መሪ አይዝም፤ ትፈተን» አለ። ፈታኝ ሆኖ የመጣው ግዙፍ፣ በየሾፌሩ ላይ ጥርሱን የነከሰ ሰውዬ ነው። ከጎኗ ተቀምጦ እስክሪብቶውን ከፈተ። በከተማው መሃል ነዳች፤ ወደ ተራራው ወጣች፤ ያንን ረጅም ቁልቁለት በከባድ ማርሽ ወረደች። በዚያች ኩርባ ላይ መሪውን አጥብቃ ይዛ በቀስታ ዞረች። ተመልሳ መናኸሪያው ውስጥ ስታቆም ፈታኙ ዝም አለ። ዞር ብላ አየችው። አፉን ከፍቶ እንቅልፍ ወስዶታል።

ረዳቱ በሩን ሲከፍተው ደንግጦ ነቃ። «ደርሰናል እንዴ?»

«ወደ ቁልቁለቱ ስንገባ ነው የተኙት፣ ጌታዬ» አለችው።

ሰውዬው ወረቀቱን አየ፤ ባዶ ነው። ኃላፊው ቆሞ ያየዋል። «አምስት ልጆች አሉኝ» አለ ፈታኙ እየተነሳ፣ «ቤቴ ውስጥ እንኳ እንዲህ አልተኛሁም። አልፋለች!»

መናኸሪያው በጭብጨባ ተናጋ። ያ ወፍራም ድምፅ ያለው ሾፌርም ከሰዉ መሃል ወጥቶ እጁን ዘረጋ። «ጋዙ ተመለሰ ማለት ነው?» አለ፣ ግማሽ በቀልድ፣ ግማሽ በይቅርታ።

«ክዳኑን እንዳትነካ» አለችው እጁን እየጨበጠች፣ «ይፈነዳብሃል።» የሳቁ ድምፅ እስከ ጋራዡ ተሰማ።

በመጀመሪያው ጉዞዋ ባሏና አማቷ ትኬት ቆርጠው ተሳፈሩ። አማቷ በዕድሜ ዘመናቸው ከከተማው ወጥተው አያውቁም፤ ፊት ለፊት ካለው ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚያዩትን ሁሉ ለአውቶቡሱ በሙሉ ያስረዳሉ። «ይኸውላችሁ ተራራ! ይኸውላችሁ ድልድይ! ምራቴ ናት የምትነዳው፣ የኔ ምራት!» ለስላሳ በስፖኪዮ ታያቸዋለች። ከተራራው ጫፍ ደመናው ተገልጦ ሸለቆው ሁሉ ሲታይ ጸጉሯ በደስታ ቆመ፤ በክኒኑ ጊዜ እንዲህ ያለው ነገር መንገድ ብቻ መስሎ ያልፋት ነበር። ክላክሱን ሁለት ጊዜ ነፋችው፣ ለማንም ሳይሆን።

መጨረሻው ከተማ ደረሱ። ተሳፋሪው ሁሉ ወረደ፤ ባሏም ወርዶ ወገቡን ያፍታታል። አማቷ ግን ከወንበራቸው አልተነቃነቁም።

«እማማ፣ ይውረዱ እንጂ። ደርሰናል እኮ።»

«ከዚህ ወዲያ አገር የለም?»

«አለ። በዚያ የሚሄደው ሌላ አውቶቡስ ነው።»

አማቷ በመስታወቱ አሻግረው ወደ ወዲያኛው መንገድ ተመለከቱ።

«እንግዲያውስ ኃላፊሽን ንገሪው» አሉ፣ ሹራባቸውን እያስተካከሉ። «ያንንም መስመር ላንቺ ይስጥሽ።»